የቁም መርዶ

መቱ፣ ኅዳር 15 ቀን 1996 ዓ.ም.

ጠየቋት! ቢሊሴን ጠየቋት፤ እኛም ሰጠን! እሁድ ዕለት፣ ጾሙ ሳይገባ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከጎሬ በዚያ ዝናብና ጭቃ ወርደው፣ ደጃፌ ላይ ቦቲያቸውን አውልቀው ገብተው፣ «አንቀመጥም» ብለው ቆመው ጠየቁ። እኔ ጓዳ ሆኜ በበሩ ስንጥቅ እያየሁ፣ እጄን ነክሼ ነው ያዳመጥኩት። ጥርሴ ያረፈበት ቦታ አሁንም ይታያል።

ውይ፣ ሰላምታዬን ረሳሁት! ለምወድህና ለማከብርህ ለወንድም ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል፣ እንደምን ሰንብተሃል? እትዬ ትህትናስ ወገቧ እንዴት ነው? የነገርኳትን ታድርግ፤ ጨው በጨርቅ አሙቃ ትያዝበት። እኛ ደህና ነን። ደህና ብቻ? እግሬ መሬት አልረገጠም እንጂ!

ልጁ ፋኦል ይባላል፤ ጎሬ አስተማሪ ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ ያሳደጉት አጎቱ ኦቦ ነመራ ናቸው። ከሽማግሌዎቹም ዋናው እሳቸው ነበሩ። ቁመታቸው ጣራዬን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

አሁን የሚያስቆጣህን ልናገር። «ሰጥተናል» የሚለውን ቃል መናገር ያንተ ነበር። ባሌ ሞሲሳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ካረፈ ወዲህ ለቢሊሴ አባቷ አንተ ነህ። አንተ ግን ከአባባ ቀብር ጀምሮ መቱን በዓይኔ አላይም ብለህ ቀረህ። እንግዲህ ምን ላድርግ? በአንተ ቦታ ቆመው ቃሉን የሰጡት ጎረቤታችን ጋሼ አሰፋ ናቸው። አዎ፣ እሳቸው። ወረቀቱን አትቅደደው፣ ጨርሰህ አንብበው!

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። እዚሁ፣ በአባባ ቤት፣ በአባባ ግቢ። እኔ ከዚህ በር ነው የወጣሁት፤ ልጄም ከዚህ በር ትወጣለች። ከዚህ ሌላ ከእግዜር የምፈልገው ነገር የለም።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አንድ ትንሽ ነገር ነበረች። ከሰርጉ ጋር አትገናኝም፤ ሌላ ጊዜ አጫውትሃለሁ።

እህትህ ፈትለወርቅ


መቱ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

ማን ነገረህ? ደቅሲሳ ነው አይደል? ሹፌር ደብዳቤ ያድርስ እንጂ ወሬ ማመላለስ ምን አግብቶት! እሱን አምኜ እኔ!

እሺ፣ አዎ። ቦቲዎቹ ተሰርቀዋል። የሦስቱም። «ደጁን የሚያይ አንድ ሰው ጠፋ?» ብለሃል። ሁላችንም እኮ ወደ ውስጥ ነበር የምናየው! ልጃችን እየተጠየቀች ማን ቦቲ ይጠብቃል?

ለአንደኛው ሽማግሌ የሞሲሳን ጫማ ሰጠሁ፣ ለሌላው ጋሼ አሰፋ የራሳቸውን አውልቀው ሰጡ። ለኦቦ ነመራ እግር የሚሆን ግን ከሰፈሩ ጠፋ። በመጨረሻ የቢሊሴን ሮዝ ሸበጥ አጠለቁና፣ ተረከዛቸው በኋላ እየተንጠለጠለ፣ በመናኸሪያው ሰው ሁሉ መሀል አልፈው ሚኒባስ ተሳፈሩ። በመስኮት ብቅ ብለው ምን አሉኝ መሰለህ? «ልጅ ልጠይቅ መጥቼ ጥሎሽ ሰጥቼ ተመለስኩ!» ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ መናኸሪያው ላይ ቀረ፤ በሳምንቱ ከኦቦ ነመራ መልእክት መጣ። «ሚዜ ይዘን መጥተን ሙሽራውን በባዶ እግሩ አንመልስም። ሰርጉ ጎሬ ይሁን» ብለዋል።

ቦቲያቸው ደግሞ የታወቀ ቦቲ ነው። የግራው ቁርጭምጭሚቱ ላይ በቀይ የከመነዳሪ ጎማ ተጥፏል። ለእግራቸው የሚሆን ከአዲስ አበባ ነው የሚያስመጡት አሉ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ ስወጣ የሰው ፊት ማየት ትቻለሁ፤ እግር እግር ነው የማየው። ትናንት አንድ ቄስ «ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ?» አሉኝ።

ሰፈሩ እንዴት ነው ላልከኝ፣ እንደምታውቀው ነው፤ ትንሽ ብሶበታል። የተሰጣ ቡና ይነሳል፣ ገመድ ላይ ያለ አንሶላ ይነሳል፣ የጎረቤታችን የአዴ ዲሪቤ ዶሮዎች እንቁላሉን ከታቀፉበት ጋር ሄደዋል። ከሁሉ የሚከፋው የቀብር ሰዓት ነው። ሰው ለቀብር ሲወጣ ጠብቆ ይገባል። ማን እንደሆነ አይታወቅም። ማን ለቀብር እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚቀር ግን እንደኛው ያውቃል።

አሁንም ይህን ስጽፍልህ ሁለቴ ተነስቼ መቀርቀሪያውን አይቻለሁ። ቀንም ነው እኮ!

አንተ ግን አትጨነቅ። መፍትሔ አይጠፋም።

ፈትለወርቅ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለፈትለወርቅ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትህትና ጨውሽን ሞክራለች፤ አልተሻላትም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ኦቦ ነመራ ልክ ናቸው። ሰርጉ ጎሬ ይደረግ። ከሰርጉ በኋላ ቤቱ ይሸጥ፤ ገዢ አግኝቻለሁ፣ ለፋሲካ ሰሞን መጥቶ ያየዋል። አንቺ እኛ ጋ ነይ፤ ክፍል አለ።

አንቺ መሳቅ ትችያለሽ። እኔ ያን ቀን አልረሳውም። አባባን አፈር አልብሰን ስንመለስ በሩ ተገንጥሎ፣ ሻንጣዬ ተወስዶ፣ የአባባ ጋቢ ከአልጋው ላይ ተገፎ። ቤት ጠባቂ ሆኖ የቀረው ማን ነበር? አሰፋ። የት ነበር? «አንድ አፍታ አፈር ላልብሳቸው ብዬ ወጣሁ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል አልተነፈስኩለትም። አሁን ደግሞ በእኔ ቦታ ቆሞ ልጅ ይድራል!

ቀባሪ የሚዘረፍበት ሰፈር ሰፈር አይባልም። «ሌባ!» ብለሽ ብትጮሂ ማን ይወጣልሻል? አንድ ሰው ጥሪልኝ። አንድ።

ወንድምሽ ሰይፈ ሚካኤል


መቱ፣ ጥር 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

አንድ ሰው ጥሪልኝ አልክ። እጠራለሁ፤ አሰፋ።

አልጻፍኩልህም ነበር፤ ስማቸውን ስሰማ ደሜ ይፈላል ስለምትል። ባለፈው ዓመት አዴ ዲሪቤ ቤት ሌባ ገብቶ ስትጮህ፣ ከሰፈሩ ወንድ ሁሉ ብቻቸውን ዱላ ይዘው የወጡት እሳቸው ናቸው። በብረት መቷቸው፣ ክንዳቸው ተሰበረ፣ ተጣሞ ገጠመ። እስካሁን ጉርሻ የሚጎርሱት በግራቸው ነው። ከኋላቸው የሚደርስላቸው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማንም አይወጣም። አንድ ሰው «ሌባ!» ሲል የሚሰማው የመቀርቀሪያ ድምፅ ነው።

የምትለው እውነት የለውም አልልም። ቀብራችንም እየሳሳ ነው። ቀጀላ የእድሩን ጡሩንባ ሲነፋ ሰው ከየቤቱ ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤ በሩን ጎትቶ ድንኳኑ ድረስ ይመጣል፤ ያለቅሳል። ሬሳው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲነሳ ግን አንዱ «እንጀራዬን ጥጄ» ይላል፣ አንዱ «እግሬን አሞኝ» ይላል፣ ወደየቤቱ ይበተናል። ቤቱን ሊጠብቅ! ባለፈው አንዲት አሮጊት ስንቀብር የሚሸከመው አንሶ ሴቶች ሁሉ ተሸከምን። እኔም ተሸከምኩ። ትከሻዬ አላመመኝም፤ ሌላ ቦታ ነው ያመመኝ።

ቆይ፣ በር ላይ ኮሽታ ሰማሁ።

የአዴ ዲሪቤ ፍየል ናት።

ታዲያ ሽጠን እንሂድ? እኛ ስንሄድ አሰፋ ማን አላቸው? ገዢውስ ቢሆን ማን ይቀብረዋል? ወንድም ጋሼ፣ እኔ አልቅሼ አላውቅም፣ እንዳታስለቅሰኝ። ልጄን ከሰው አዳራሽ አልድርም። ኦቦ ነመራን ሄጄ ለመንኳቸው፣ ጎሬ ድረስ። በሚገባ አስተናገዱኝ፤ በቃላቸው ግን ጸኑ። «ቦቲዬ በመጣበት እግር ይመለስ፣ ያኔ እኔም እመለሳለሁ» አሉኝ። የልጁ ሚዜዎች ከበስተኋላ ይስቃሉ።

ገዢህን እስከ ፋሲካ አቆየው። ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ዝም ብዬ ግን አልቀመጥም።

ፈትለወርቅ


መቱ፣ የካቲት 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

ተገኘ! የኦቦ ነመራ ቦቲ ተገኘ! ከነቀይ መጣፊያው፣ ከነጭቃው! ሌቦቹም ተይዘዋል፤ ሁለት ናቸው፤ ፖሊስ ወስዷቸዋል። የአንሶላው፣ የዶሮው፣ የቡናው፣ የሁሉም ሌባ እነሱ ናቸው።

እንዴት ሰነበታችሁ? ብዕሬ መስመር ስለሚዘልብኝ ጽሕፈቴን አትታዘበኝ። በደስታ ነው። በአብዛኛው በደስታ ነው።

«ማን ይወጣልሻል» ብለኸኝ አልነበር? ወጡ! ሰፈሩ በሙሉ ወጣ! ከላይኛው መንገድ እስከ ወንዙ ድረስ መተላለፊያ አልነበረም። እንዴት እንደወጡ ዝርዝሩን ሌላ ጊዜ። ደቅሲሳ ሊነሳ ነው፣ ቢሊሴ ፖስታውን ይዛ ቆማለች።

አንድ ነገር ብቻ። ስለ አንተ አንዳንድ ነገር ብትሰማ አትደንግጥ። ሰው ያወራል። ጤንነትህን ጠብቅ፣ ብርድ እንዳይመታህ፣ መንገድ ስትሻገር ግራ ቀኝ እይ። አደራ፣ በዚህ ሰሞን ደህና ሁንልኝ።

የምትወድህ፣ በጣም የምትወድህ እህትህ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለፈትለወርቅ፣

ትናንት ደቅሲሳ ደብዳቤሽን ይዞ መጣ። ሌላ ጊዜ ከበር ሰጥቶ ይሄድ ነበር። ትናንት ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ፤ ለትህትና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ጥግ ላይ ተቀመጠ። ምን ሆነህ ነው ብትለው «እግዜር ያጥናዎ» ብቻ ይላል። ያቀረበችለት ሻይ ቀዘቀዘ።

እኔ ጓሮ ጎመን ሳጠጣ ቆይቼ እጄን እየጠረግሁ ገባሁና «ደቅሲሳ፣ እንደምን ዋልክ?» አልኩት። ተነሳና ግድግዳውን ተደገፈ። «ያ ዋቅ! ያ ዋቅ!» እያለ አምላኩን ጠራ። ከዚያ መጥቶ ክንዴን ቆነጠጠኝ። እስካሁን ሰምበር አለው።

ለአንቺም ያልገባኝን ጥያቄ በትህትና አቀርባለሁ። ፈትለ፣ እኔ መቼ ነው የሞትኩት?

ሰይፈ ሚካኤል


መቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

የሞትከው ረቡዕ ዕለት ነው፤ ከምሳ በኋላ። ይኸው ተናገርኩ።

እግርህ ላይ ወድቄያለሁ። እትዬ ትህትናንም ይቅርታ ጠይቅልኝ፤ «እግዜር ያጥናዎ» ስትባል ልቧ ምን ሆኖ ይሆን! ደቅሲሳ መርዶውን መናኸሪያ ሰምቶ፣ ውሸት መሆኑ ሳይደርሰው ነው የመጣው። ሞተ ተብሎ የተወራለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይባላል። እንደዚያ ከሆነ ዕድሜ ነው የጨመርኩልህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዴ ዲሪቤ ልጇን ለመጠየቅ ኖፓ ሄዳ ነበር። ቤቷ ተቆልፎ ነው የዋለው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ተከቷል። እኔ እንደለመደብኝ ተነስቼ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ፣ የዲሪቤ በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ ሁለት ሰዎች ፍራሽ ይጠቀልላሉ። ወጥቼ «ሌባ!» ብዬ ጮህኩ። ቀጭ! አለ አንድ መቀርቀሪያ። አማርኛው ያልገባው ይኖራል ብዬ በኦሮምኛም «ሃቱ! ሃቱ!» አልኩ። ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! በሁለቱም ቋንቋ ተዘጋብኝ። አንደኛው ሌባ በበሩ ብቅ ብሎ አየኝና ተመልሶ ገባ። አልቸኮለም። ያ ነው ያቃጠለኝ፣ አለመቸኮሉ!

እግሬ ወደ ቀጀላ ቤት ወሰደኝ።

«ቀጀላ፣ ጡሩንባውን ንፋ!»

«ማን ሞተ?»

«ንፋ ብዬሃለሁ!»

«እትዬ ፈትለ፣ ስም ሳይኖረው አይነፋም። ሰው ወዴት ብሎ ይምጣ?»

እውነቱን ነው። የጎረቤት ስም ብሰጠው ሰው ወደዚያ ቤት ይሮጣል። የራሴን እንዳልሰጠው ፊቱ ቆሜያለሁ። ሰፈሩን ጠርቶ ወደ እኔ በር፣ ወደ ዲሪቤ አጥር ሥር የሚያመጣው የሥጋ ዘመዴ መርዶ ብቻ ነው። የቀራችሁኝ ደግሞ ቢሊሴና አንተ ናችሁ። ሙሽራ ልግደል? «ወንድሜ» አልኩት። «ሰይፈ ሚካኤል። አዲስ አበባ።»

ቀጀላ ጡሩንባውን አፉ ሳያደርሰው እንባው ወረደ።

ወጡልህ ወንድም ጋሼ! በዚያ ዝናብ ወጡ! በ«ሌባ» የተቆለፈው በር ሁሉ በአንተ ሞት ተከፈተ። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ጋቢውን ተከናንቦ፣ «ሰይፌ! ሰይፌ!» እያለ መንገዱን ሞላው። እኔስ ምን ላድርግ፣ አለቀስኩ! በውሸት ጀመርኩት፤ ሰው ሁሉ ስምህን ሲጠራ ግን በእውነት ጨረስኩት።

ሌቦቹ ፍራሹን ተሸክመው ሲወጡ ያ ሁሉ ሕዝብ ደጃፋቸው ላይ ቆሟል። አንደኛው ወደ ወንዙ ሊሮጥ ሲል ፍራሹ ዝናብ ጠጥቶ ከላዩ ወደቀበትና ጭቃው ላይ አስተኛው። ሁለተኛው ብልጥ ነው። ድርሻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና፣ ጋቢውን ተከናንቦ ከወንዶቹ መሀል ገብቶ ደረቱን መድቃት ጀመረ! ፊቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መናኸሪያው ጋ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ነው። በየድንኳናችን የማይቀር ሐዘንተኛ ነበር። ለካ ተቀምጦ የሚያጠናው ማን ለቀብር እንደሚነሳ ነው።

ጋሼ አሰፋ አጠገቡ ነበሩ። «ልጄ፣ ታውቀው ነበር?» አሉት።

«እንዴታ ጋሼ! እንደ አባቴ ነበሩ!»

«የት ነው ያረፈው?»

«እዚሁ፣ እዚሁ ቤት! እኔው ነኝ ያስታመምኳቸው!»

ለቅሶው ቀጥ አለ። አንተ መቱን ከረገጥክ ስንት ዘመንህ! ጋሼ አሰፋ ቀስ ብለው ቁልቁል አዩ። ከዚያ ምን አሉ? «ሐዘኑስ ያንተ ይሁን ልጄ፤ ቦቲው ግን የኦቦ ነመራ ነው።»

ማንም አልመታቸውም። ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ዱላ አያነሳም፤ ሐዘን ነው። ክብ ሠርተን ፖሊስ እስኪመጣ ቆምን፣ አለቀ።

ከዚያ አንዷ ሴት ዞር ብላ «ፈትለ፣ መርዶውን ማን ነገረሽ?» አለችኝ። ተናገርኩ። ቀጀላ ጡሩንባውን በጋቢው ጠቅልሎ ዓይኔን ሳያየኝ ሄደ። እስከዛሬም አላየኝም።

የእድራችን ደንብ ያለ ሞት ጡሩንባ ያስነፋን ሰው ይሰርዛል። መጋቢት 19 እሁድ ጠቅላላ ስብሰባ ተጠርቷል፤ ተከሳሿ እኔ ነኝ። እድር የሌለውን ሰው ማን ይቀብረዋል? ማንስ ይድርለታል? ኦቦ ነመራ ቦቲያቸውን ሲያዩ ሳሙት አሉ፤ ቀጥለው ግን «ጎረቤቶቿ የሰረዟት ሴት ግቢ ዳስ ውስጥ አልቀመጥም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሰርጉም፣ ቤቱም፣ እኔም በዚያ እሁድ ላይ ተንጠልጥለናል። ሌባው ተይዞ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። እየተነሳሁ እቀመጣለሁ፣ የጨረስኩትን ጥልፍ እፈታለሁ፣ መልሼ እጠልፋለሁ።

ስደበኝ። ብቻ ጻፍልኝ።

ፈትለወርቅ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ፣

ሁለት ቀን ተቆጣሁ። በሦስተኛው ቀን ትህትና ደብዳቤሽን ጮክ ብላ ስታነብ ስለ ፍራሹ ስትደርስ ወገቧን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ተሽሏታል።

ገዢው ትናንት መጥቶ ነበር። ሌላ ቀን ና ብዬዋለሁ።

እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው የምጠይቅሽ። ማን ማን አለቀሰ? አሰፋስ? ቦቲውን ከማየቱ በፊት ማለቴ ነው። ምን አለ?

ሰይፈ ሚካኤል


መቱ፣ መጋቢት 21 ቀን 1996 ዓ.ም.

ፈረዱብኝ! ፈረዱብኝ ወንድም ጋሼ፤ እንዲህ የሚያስደስት ፍርድ አይቼ አላውቅም!

እንደምን ሰነበታችሁ? የእትዬ ትህትና ወገብ እንኳን ተሻለው፤ ጨዉ ነው፣ ሳቁ አይደለም በላት።

ስብሰባው የእድሩ አዳራሽ ስላልበቃው ደጅ ሆነ። አንዱ ተነስቶ ደንቡን ጠቀሰ፤ «ዛሬ ለሌባ የተነፋ ጡሩንባ ነገ ለሞት ሲነፋ ማን ያምነዋል?» አለ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ፤ እውነት ነዋ! ያኔ አዴ ዲሪቤ ብድግ አለች።

«ሌባ ስትላችሁ ዘጋችሁ። ሞት ስትላችሁ ከፈታችሁ። የሚሰረዘው ማነው?»

«አንቺ ኖፓ ነበርሽ፣ ምን አየሽ!» አላት አንዱ ከኋላ።

«እኔ ኖፓ ነበርኩ። እናንተስ የት ነበራችሁ?»

ሰውየው ተቀመጠ። ሳቅም ነበር፣ አንገት መድፋትም ነበር። ከዚያ ማን ቢነሳ ጥሩ ነው? ቀጀላ! ጡሩንባውን ይዞ ነው የመጣው። «እኔ ዋሽቼ አልነፋሁም» አለ። «ሰይፈ ሚካኤል ሞቷል ብዬ ነው የነፋሁት፤ ያለቀስነውም የእውነት ነው። ሰውየው መኖሩ የኛ ጥፋት አይደለም።» ከዚያ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ! ሊስቅም ሊቆጣም ያማረው ፊት ነበር።

አሁን የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። ማን አለቀሰ አልክ። ማን አላለቀሰም በለኝ! በልጅነትህ ኳሱን የነጠቅከው ሁሉ አለቀሰ። አዲስ የገቡ፣ መልክህን የማያውቁ ተከራዮች «የእትዬ ፈትለ ወንድም» ብለው አለቀሱ። ጋሼ አሰፋ ያሉትን ግን እስካሁን ያልጻፍኩልህ ፈርቼ ነው። ዝናቡ ላይ በጉልበታቸው ተንበርክከው ነበር። በዚያ በተጣመመው እጃቸው መሬቱን እየመቱ «ሰይፌ! ሳትሰድበኝ ሞትክ! ኧረ ተነስና ስደበኝ!» ነው ያሉት። ሌባው ዓይናቸው ሥር እስኪቆም ድረስ ከዚያ ቃል አልወጡም።

እሳቸው የእድሩ ሰብሳቢ ስለሆኑ ፍርዱን የተናገሩትም እሳቸው ናቸው። አልሰረዙኝም። ጡሩንባው ለሞት እንደ ድሮው ረዝሞ ይነፋል፤ ለሌባ ደግሞ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ያለ ስም ይነፋል፤ ሰምቶ ያልወጣ ለቅሶ እንደቀረ ይቆጠራል። ለቀብር ስንነሳም ከሰፈሩ ተራ የደረሰው ሰፈሩን ይጠብቃል፤ «የመጀመሪያው ተረኛ እኔ ነኝ» አሉ፤ አሰፋ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «አንቺ ያለ ተዝካር ያስለቀስሽውን ሰው ሁሉ በልጅሽ ሰርግ ታበያለሽ። ጥቁር ለብሶ የመጣ ሁሉ ነጭ ለብሶ ይምጣ። ሟቹም ራሱ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ሰውን ይቀበል፤ ያለቀስንለትን ሰው በዓይናችን እንየው፤ አለዚያ ፍርዱ አልተፈጸመም» አሉ።

ኦቦ ነመራ ከኋላ ቆመው ሲሰሙ ነበር፤ ቦቲያቸውን አድርገው! «ሟቹ ከመጣ እኔም እመጣለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ማየት እፈልጋለሁ» አሉ። የቢሊሴን ሮዝ ሸበጥ አሳጥበው በጋዜጣ ጠቅልለው መለሱላት።

ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ እኔ የምለምንህ አይደለም፤ ተፈርዶብሃል። ዳሱን የሰፈሩ ጎልማሶች ዛሬ ጠዋት መትከል ጀምረዋል፤ ገና ነው ብላቸው አልሰሙኝም። ይህን የምጽፍልህ ደጅ ተቀምጬ ነው። በሩ ከኋላዬ ክፍት ነው፤ አሁን ነው ትዝ ያለኝ፣ ተነስቼም አላየሁትም። ቤት ገዢህንም ይዘኸው ና፤ ይብላ፣ ይጠጣ፣ ሰፈሩን ይይ። እንደማይሸጥ እዚሁ ትነግረዋለህ።

ደቅሲሳ ከፊት ወንበር ይዞላችኋል፤ እንዳይቆነጥጥህ ነግሬዋለሁ። አሰፋ በር ላይ ይቆያሉ፤ ስድብህን አዘጋጅተህ ና፣ ሲጠብቁት ኖረዋል። እትዬ ትህትና፣ ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ የሚያውቅህ፣ ያለቀሰልህ፣ ሊያለቅስልህ የረሳ ሁሉ ይምጣ። በዳግማይ ትንሣኤ፣ እሁድ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ መቱ፣ በአባባ ግቢ።